የሰብል ካሜራ

ካሜራ ገዝቶ ገና ሌንስ መርጦ ያልጨረሰ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ተመስገን በሉ። ካጋጠማችሁ ደግሞ ስለ ሌንስ እንዳትጠይቁት አደራ፤ ተቀምጣችሁ ትውላላችሁ። እኔ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ግን ሌንስ ልመክራችሁ አይደለም የመጣሁት፤ ጥፋቴን ልናገር ነው። ጥፋቴ ውስጥ አንድ በሬ አለበት።

ሥራዬ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ጎንደር ከተማ ቁጭ ብሎ ስለ ገጠር ጤፍ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። ለሪፖርቱ ፎቶ ያስፈልጋል ሲባል ፒያሳ ፎቶ ቤት ካለው ወዳጄ ከይርጋ አንዲት ያገለገለች ካሜራ ገዛሁ። ይርጋ ሲያስረክበኝ፣ «ክሮፕ ሴንሰር ናት፤ ላንተ ትበቃሃለች» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። በኛ መሥሪያ ቤት ክሮፕ ማለት ሰብል ነው። በደብዳቤ ሰብል እንላለን፣ በስብሰባ ክሮፕ እንላለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ክሮፕ ሲል የኖረ ሰው፣ ካሜራ ሻጭ ክሮፕ ሲለው ምን ሌላ ነገር ይታሰበዋል? ፈረንጅ ለሰብል የሚሆን ካሜራ ለይቶ ሠራ፣ እግዜር ይስጠው ብዬ ተቀበልኩ። ቢሮ ወስጄም «የሰብል ካሜራ» እያልኩ አስተዋወቅኳት። የክፍል ኃላፊያችን አገላብጠው አዩና «የስንዴ ዋግ በሽታ ታሳያለች?» ብለው ጠየቁኝ። ገና እየተለማመድኳት ነው አልኳቸው።

ከካሜራዋ ጋር አንዲት ትንሽ ሌንስ አብራ መጥታ ነበር፤ ከአሥራ ስምንት እስከ ኀምሳ አምስት የምትል። ለማታውቁት፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ቦታ ፎቶው ውስጥ ይገባል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቅ ያለው ነገር ይቀርባል። ይቺን ሌንስ ጤፍ ሲወቃ አውድማ ላይ ይዣት ዋልኩ። ገለባው አንገቷ ውስጥ ገባና ሠላሳ አምስት ላይ ተገትራ ቀረች። አታሰፋ፣ አታቀርብ። ፎቶ ግን ታነሣለች። ይቺን «ፎቶ ግን ታነሣለች» የምትለዋን ያዙልኝ።

አያ ዘለቀ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከጠዳ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው የሚኖሩት። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በሶ ይልኩልኝ ነበር፤ የበሶው ገብስ የበቀለው ደግሞ ቦራ ባረሰው መሬት ነው። ቦራ በሬያቸው ነው፤ ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳንቀላፋ እሱ ቀንበር ተሸክሞ ነበር። ዲግሪዬን እንካፈል ቢለኝ ቅር የሚለኝ ሰው አይደለሁም።

ዘንድሮ ለቅበላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ካሜራዋ አንገቴ ላይ ናት፤ ያን ሰሞን ሽንት ቤትም ይዣት ነበር የምሄደው። ከበላን በኋላ አያ ዘለቀ «እስቲ ደጅ ወጣ በል» አሉኝና ወደ በረቱ ወሰዱኝ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቦራ ደክሟል። ከእንግዲህ አይጠመድም። ጾሙን ሙሉ አድልቤው ፋሲካ ሳይደርስ እሸጠዋለሁ፤ ወይፈን ልገዛበት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ደግ አሰቡ» አልኳቸው።

«እና ሳልሸጠው፣ ከሱ ጋር አንድ ፎቶ ብታነሣኝ ብዬ ነበር።»

ይኼን ሲሉ ቀና ብለው አላዩኝም። የበሬውን አንገት ነበር የሚያሹት። «ለሰው አትንገር። ሽማግሌው ከበሬ ጋር ፎቶ ተነሣ ብለው መሣቂያ ያደርጉኛል። ለአለሚቱም አልነገርኳት» አሉ። አለሚቱ ባለቤታቸው ናቸው። መንደሩ ውስጥ ስልክ የያዘ ሰው ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠው ያመኑት እኔን ነው።

ፎቶ እኮ ነው። ሽማግሌ፣ በሬ፣ ቀጭ፣ አለቀ። እኔ ግን ባለ ካሜራ ነኝ። አጥሩን ተደግፌ በተገተረችው ሌንስ አነጣጠርኩ። የአያ ዘለቀ እግር ሲገባ የቦራ ቀንድ ይቆረጣል፣ ቀንዱ ሲገባ እግራቸው ይቆረጣል። ወደ ኋላ እንዳልሸሽ አጥሩ ያዘኝ። የአጥሩን በር ከፍቶ ወጣ ማለት የሚባል ነገር አልታየኝም። ይህን እየጻፍኩ እንኳ እግሬን መምታት ያምረኛል።

«ምነው፣ በዚች በስልክህ አይሆንም?» አሉኝ።

«አይ አያ፣ በስልክማ አላዋርድዎትም።» ከዚያ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ እንዳዋቂ አስረዳኋቸው። «ይቺ የሰብል ካሜራ ናት። ለከብት ሌላ ሌንስ ይፈልጋል። ሁሉንም የሚችል ሌንስ ገዝቼ ከቅዳሜ ባንዱ እመጣለሁ።»

«የሰብል ናት?» አሉ፤ ካሜራዋን ትንሽ አይተው። «እሺ፤ ይሁን። ከቅዳሜ ባንዱ።»

ሁዳዴ ገባ። ሰው ነፍሱን ይመረምራል፣ እኔ ሌንስ እመረምራለሁ። ከአሥራ ስምንት እስከ መቶ ሠላሳ አምስት የሚል አለ፤ እስከ ሁለት መቶ የሚል አለ፤ እስከ ሦስት መቶም አለ፣ እሱ ፒያሳ ቆሞ አዘዞን የሚያይ መሰለኝ። አንዱ ሩቅ ያያል፣ ብርሃን ካነሰ ግን ይደናበራል። ሌላው ጨለማ አይፈራም፣ ከአፍንጫው ራቅ ያለውን ግን አያይም። አንዱ ቀላል ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ ይደበዝዛል። አንዱ ጥርት አድርጎ ያነሣል፣ ግን ተሸካሚ መቅጠር ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ሰውዬ «ያለዚህ ሌንስ አትኑሩ» ይላል፣ ሌላው «ከዚህ ሌንስ ሽሹ» ይላል፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሌንስ ነው።

በዚያ ላይ የሰብል ባለሙያ ነኝ። የስንዴ ዝርያ የምናወዳድርበትን ቅጽ አወጣሁና ሌንሶቹን በእሱ ማወዳደር ጀመርኩ። «በሽታ የመቋቋም አቅም» በሚለው ሥር ስለ ገለባ ጻፍኩ። «ምርታማነት» በሚለው ሥር ቁጥሮቹን ደረደርኩ። «የመድረሻ ጊዜ» የሚለውን ክፍት ተውኩት፤ ሌንስ መቼ እንደሚደርስ በምን አውቃለሁ ብዬ። በኋላ የበላኝ ያ ክፍት ቦታ ነው።

ባለቤቴ ስንዱ ቅጹን አየችው። «እኔን ስታጭ እንዲህ አወዳድረህ ነበር?» አለችኝ።

«አንቺንማ ከማን ጋር አወዳድርሻለሁ?»

«አማራጭ ስላልነበረህ ነው። ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ሌንስ ማንን ልታነሣበት ነው?»

«ምስጢር ነው» አልኳት። አደራ አለብኝና።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ቆንጆ ናት?»

«ወንድ ነው» አልኩ፤ ላረጋጋት ብዬ። «ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።» ከዚያ በኋላ የተጨነቀችው ለጤንነቴ ነው።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ይርጋ ጋ ሄድኩና፣ «ለሰብልም ለከብትም የሚሆን አንድ ሌንስ አስመጣልኝ» አልኩት። ፓስፖርት ፎቶ ሊነሣ የተቀመጠ ደንበኛ ነበረው። ይርጋ ዞር ብሎ «ሰብል ምን አገባው?» አለኝ።

«ካሜራዋ የሰብል አይደለችም እንዴ? ክሮፕ ብለኸኝ የለ?»

ይርጋ ሣቀ። ወንበር ይዞ ነው የሣቀ። ደንበኛውም ሣቀ፤ ፎቶው ጥርሱን እንዳሳየ ወጣና እንደገና መነሣት ግድ ሆነበት። ይርጋ እንባውን ጠርጎ ሲጨርስ አስረዳኝ። ክሮፕ ማለት መቁረጥ ነው። የካሜራዋ ዐይን ትንሽ ስለሆነች ሌንሱ ከሚያመጣላት መሐሉን ትወስድና ዳር ዳሩን ትቆርጣለች። በቃ፤ ጤፍም ዋግም የለበትም።

ያን ዕለት ጠዳ ወርጄ፣ «አያ፣ የሰብል ናት ያልኩዎት ተሳስቼ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ከማስተባብል ደህናውን ሌንስ ይዤ ልሂድና ፎቶው ራሱ ይናገር አልኩ። እንዳልደውል ደግሞ ስልክ የላቸውም፤ በጎረቤት ስልክ ደውሎ የበሬ ፎቶ ማውራት አደራ መብላት መሰለኝ። ሰው ላለመሄድ ምክንያት ሲፈልግ እንዴት ያለ ጨዋ እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ይርጋ የራሱን ሌንሶች እንድሞክር አዋሰኝ። ሌንስ የሚፈተነው ግድግዳ በማንሣት ነው ተብሏል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቋል ማለት ነው። ጎንደር ላይ ግድግዳ ተፈልጎ አይታጣም። የነገሥታቱ ግቢ ገባሁና ሰዉ ሁሉ ግንቡን ከነሙሉ ቁመቱ ሲያነሣ እኔ አፍንጫዬን አስጠግቼ ድንጋይ አነሣለሁ። ዘበኛው ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆይቶ ጠጋ አለኝ። «ወንድሜ፣ ምነው ድንጋዩን ብቻ? የጠፋ ነገር አለ?» አለኝ። ጠርዙን እየፈተንኩ ነው አልኩት። «ጠርዙ ደህና ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁ» አለኝ።

ሁለት ቅዳሜ እንዲህ በድንጋይ አለፈ። በመጨረሻ ከአሥራ ስምንት እስከ ሁለት መቶ የሚለውን መረጥኩ። ይርጋ በሰው ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ የካሜራዬን ዓይነት ጠየቀኝ፤ እኔም ሳላይ በእርግጠኝነት ነገርኩት። የመጣው ሌንስ የሌላ ካሜራ ሆነ፤ አፉ አፏ ላይ አልገጥም አለ። ልክ ነው ብዬ ትንሽ ታገልኩ፤ ይርጋ እጄን ይዞ አስጣለኝ። ትክክለኛው እስኪመጣ ሌላ ቅዳሜ አለፈ፣ ከዚያም ሌላ። ደረሰና የተረከብኩት የሆሳዕና ዋዜማ ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት ነው። መልከ መልካም ነበር። አንድ ዐመል ብቻ አለው፤ ቁልቁል ሲይዙት አንገቱ በራሱ ጊዜ ይረዝማል።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዳ ወረድኩና ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁት። በረቱ ባዶ ነው። እማማ አለሚቱ ብቅ አሉ።

«ማክሰኝት ገበያ ወርደዋል፤ ቦራን ሊሸጡት» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ሣቅ አሉ። «ዘንድሮ ምን እንደነካቸው እንጃ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬውን ያጥቡታል። አጥበው ሲያበቁ ያን አዲስ ኮታቸውን ይለብሱና አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። እንግዳ ይመጣል ወይ ብላቸው ኮታቸውን ያራግፋሉ።»

ምን ልበላችሁ። ሮጬ ወረድኩ። ከጠዳ ማክሰኝት ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ካሜራዋን ታቅፌ፣ ሌንሱ ጉልበቴ ላይ እየረዘመ፣ ባይሸጥ፣ ገዢ ባይመጣ፣ ዋጋ ባይስማሙ እያልኩ ሄድኩ።

አያ ዘለቀን ከከብት ተራው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አዲሱን ኮት ለብሰዋል። እጃቸው ላይ ገመድ አለ። ገመድ ብቻ።

«መጣህ?» አሉኝ። ዘገየህ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቦራስ?»

በአገጫቸው ከመንገዱ ማዶ አሳዩኝ። አንድ የጭነት ማኪና ቆሟል፤ ሞተሩ ተነሥቷል። በስፖንዳው ሳንቃዎች መካከል ነጭ ግንባር አየሁ። ካሜራዬን አወጣሁ፤ ቆሜ አነጣጠርኩ።

«ምነው፣ ጠጋ አትልም?» አሉኝ።

«አያ፣ ይኼ እኮ ራሱ ያቀርባል» አልኳቸው።

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ ባልተናገርኩት የምለው ይኼን ነው። መንገዱን መሻገር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን ጾሙን ሙሉ የመረጥኩትን ሌንስ እስከ ሁለት መቶ ዘረጋሁት። ሌንሱ ዝዝ አለ፣ አመነታ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ቀጭ አለ። ማኪናው ተነቃንቆ ወጣ። ደግሜ ላነሣ ስል አቧራው ብቻ ቀርቶልኛል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ፎቶውን ከፈትኩ። የስፖንዳው ሳንቃ በጣም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ምስማሩ ይታያል፤ የምስማሩ ዝገት ይታያል። ከሳንቃው ኋላ ቀላ ያለ ነገር አለ፤ ከቀላው ነገር ላይ ነጣ ያለ ነገር አለ።

አያ ዘለቀ ዐይናቸውን አጥብበው አዩት። «ይኼ ምንድነው?»

«ስፖንዳው ነው።»

«ቦራስ?»

«ከኋላው ነው።»

«ሸጋ ሳንቃ ነው» አሉ። እየቀለዱብኝ አልነበረም። የሚመሰገን ነገር ፈልገው ያገኙልኝ እሱን ነው።

«አያ፣ ምነው ሳይጠሩኝ ሸጡት? አንድ ሰው እንኳ ቢልኩብኝ?»

ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። «አራት ቅዳሜ አጠብኩት። ስትቀር አሰብኩት። ነግረኸኝ ነበር እኮ፤ የሰብል ካሜራ ናት ብለህ። በሬ አታነሣም ማለትህ ኖሯል፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከብዶህ ነው አልኩ። እኔም ሽማግሌ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ አሳፈረኝ። ምን ብዬ ልላክብህ?»

ክሮፕ ማለት መቁረጥ ነው ብዬ ልጀምር? ስለ ካሜራዋ ዐይን ላስረዳቸው? ያን ያህል ቅዳሜ አንድ ንጹሕ በሬና አንድ ኮት የለበሰ ሰው ሲጠብቁኝ፣ እኔ የንጉሥ ግድግዳ ላይ አፍንጫዬን ደቅኜ ነበር። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ስልክ ነበረ። የተገተረችው ሌንስም ፎቶ ታነሣ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ አያ፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኳቸው።

«ተው እንጂ። መጥተህ የለ?» አሉና ተነሡ። ኮታቸውን አራገፉ። «ይልቅ ለብሼ ወጥቻለሁና አንድ አንሣኝ።»

ካሜራዬን ሳነሣ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ። እኔን መሐል አታድርገኝ። በስተቀኜ የቦራን ቦታ ተውልኝ።»

አሥራ ስምንት ላይ አደረግኩት። ይኼ ሁሉ ፍለጋ ለሁለት መቶ ነበር፤ የሠራልኝ አሥራ ስምንቱ ነው። አያ ዘለቀ ከፎቶው አንድ ዳር ቆሙ፣ ገመዱን ወደ ቀኛቸው ያዝ አደረጉት። በስተቀኛቸው አንድ በሬ የሚያህል ቦታ ክፍት ሆነ። ከእግራቸው ጣት እስከ ራሳቸው፣ ገመዱም ከነቋጠሮው፣ ምንም የተቆረጠ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ይርጋ ጋ ወስጄ አሳተምኩት። ማታ ስመለስ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። አወጣሁት። አያ ዘለቀ መሐል ላይ ቆመዋል፤ ኮታቸው አምሮበታል። የገመዱ ጫፍ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

«ባዶውን ክሮፕ አድርጌልሃለሁ» አለኝ ይርጋ፤ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብሎ። «አሁን ቃሉ ገብቶሃል አይደል?»

«ገብቶኛል» አልኩት። «መልስልኝ።»

«ለምን? እዚያ በኩል እኮ ምንም የለም።»

«አለ» አልኩት። «እኔ ዘግይቼበት ነው።»